አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፦ የማልታ ስምንተኛ ፓርላማ አባላት

«አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይላሉ እናቶቻችን። ተረቱ የተነገረው ስለ ልጅ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ልጇ ባስነጠሰ ቁጥር ትደነግጣለች፤ በዘገየ ቁጥር ደጅ ደጁን ታያለች። ይሁንና ተረቱ ለመንግሥታትም ይሠራል። በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል በምትገኝ አንዲት ትንሽ ደሴት አገር በፓርላማ ያለው ብልጫ አንድ ወንበር ብቻ የሆነ መንግሥት ሃያ ሁለት ወራት ያህል እንዲህ ባለ ሥጋት ገዝቶ በመጨረሻው ያችኑ አንዷን ወንበር አጥቷል። ይህ ጽሑፍ በዚያ ፓርላማ ስለተቀመጡት 69 ሰዎች፣ ከእነርሱም መካከል በተለይ ስለ አንዱ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማልታ ከኢጣሊያዋ ሲሲሊ በስተ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ጎዞና ኮሚኖ የተባሉትን ታናናሽ ደሴቶች ጨምሮ ጠቅላላ ስፋቷ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ አገር ናት። ነገሩ በተፈጸመበት ዘመን የሕዝቧ ቁጥር 380,000 ያህል ነበር። ትንሽ መሆኗ ግን ከታላላቆቹ ዓይን አልሰወራትም። የመርከብ መተላለፊያ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ፊንቄያውያን፣ ሮማውያን፣ ዓረቦችና ኖርማኖች ተፈራርቀውባታል። ከ1530 እስከ 1798 የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኞች ገዟት፤ ለጥቂት ጊዜ የናፖሊዮን ጦር ያዛት፤ ከዚያም ከ1800 ጀምሮ እንግሊዞች ዋና የባሕር ኃይል ጣቢያቸው አደረጓት። ነፃነቷን ያገኘችው ሴፕቴምበር 21 ቀን 1964 ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፈው ቋንቋዋ ከዓረብኛ የወጣ ሴማዊ ቋንቋ ነውና ለእኛም ሩቅ ዘመድ ይሆናል። ማልታዎች «አንድ» ለማለት «ዊኤሕድ» ይላሉ። ግዕዙ «ዋሕድ» የሚለው፣ እኛም «ተዋሕዶ» ስንል የምናነሣው ቃል ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ይህ «አንድ» የሚለው ቃል በዚያች አገር ፖለቲካ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ በታች እንመለከታለን።

የወንበሩ ስሌት

በማልታ ሁለት ታላላቅ ፓርቲዎች አሉ። አንደኛው ሌበር ፓርቲ፣ ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ ሲሆን ዋና ምሽጉ በታላቁ ወደብ ዙሪያ የነበረው የመርከብ መጠገኛ ሠራተኛ ነበር። ሁለተኛው ናሽናሊስት ፓርቲ ይባላል፤ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተቀራረበ፣ በነጋዴውና በተማረው መካከለኛ መደብ ዘንድ ተሰሚነት ያለው፣ ፊቱን ወደ አውሮፓ ያዞረ ፓርቲ ነው። በየከተማው የሁለቱም ፓርቲዎች ክበቦች አሉ። ልጅ የአባቱን ቤት እንደሚወርስ ሁሉ ፓርቲውንም ይወርሳል። ድምፅ መስጠት በሕግ የተጣለ ግዴታ ሳይሆን በዚያን ዘመን ከተመዘገበው መራጭ ከመቶ 95 የሚበልጠው ወጥቶ ይመርጥ ነበር። ሦስተኛ ፓርቲ ቢኖርም ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ድምፅ ከማግኘት አያልፍም። ስለዚህ ሚዛኑ ዘወትር ለሁለት ሊከፈል ጥቂት የቀረው ነው።

ምርጫው የሚካሄደው በ13 የምርጫ ክልሎች ነው። እያንዳንዱ ክልል 5 ሰዎችን ይልካል፤ ድምሩ 65 ይሆናል። መራጩ በአንድ ስም ላይ ብቻ ምልክት አድርጎ አይሄድም። እጩዎቹን እንደ ፍላጎቱ ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥር ይሰጣቸዋል። አንዱ እጩ ለማለፍ ከሚያስፈልገው በላይ ድምፅ ካገኘ ትርፉ መራጮቹ ሁለተኛ ብለው ወደ መረጡት ሰው ይተላለፋል። ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘው ሲወድቅም የእርሱ ድምፆች እንዲሁ ይተላለፋሉ። ይህ ሥርዓት ከ1921 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን ለታሪካችን የሚጠቅም አንድ ጠባይ አለው። የአንድ ፓርቲ እጩዎች ከተቃዋሚው ጋር ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ይወዳደራሉ። ስለዚህ ተመራጩ ወንበሩን ያገኘሁት በፓርቲዬ ስም ብቻ ነው አይልም፤ በስሜና በመንደሬ ሰው ፍቅር ጭምር ነው ብሎ ያምናል።

ሥርዓቱ ሌላም ጠባይ ነበረው። የክልሎቹ ድንበር እንደተሰመረበት አኳኋን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ጥቂት ወንበር ይዞ ሊቀር ይችላል። ይህም በዲሴምበር 1981 ደረሰ። ናሽናሊስት ፓርቲ 114,132 ድምፅ፣ ሌበር ፓርቲ 109,990 ድምፅ አገኙ። ወንበሩ ግን 34 ለሌበር፣ 31 ለናሽናሊስት ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዶም ሚንቶፍ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሥልጣን ላይ ቆዩ። ናሽናሊስቶቹ የክልሎቹ ድንበር ለገዥው ፓርቲ እንዲያመች ተደርጎ ተሰምሯል ሲሉ ከሰሱ፤ ለረጅም ጊዜም ወደ ፓርላማ ሳይገቡ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ማልታ የመንገድ ላይ ሁከት፣ የቦምብ ፍንዳታና በፖለቲካ ምክንያት የጠፋ ሕይወት ያየችባቸው ክፉ ዓመታት ነበሩ። ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ትንሽ አገር ስትጣላ ጠቧ የወንድማማች ጠብ ነውና ይመራል።

መውጫው የተገኘው በጃንዋሪ 1987 ነው። ሁለቱ ፓርቲዎች ሕገ መንግሥቱን በስምምነት አሻሻሉ። ሌበር የፈለገው የአገሪቱ ገለልተኝነት በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ ነበር፤ ተጻፈ። ናሽናሊስት የፈለገው ደግሞ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ፓርቲ እንዲገዛ ነበር፤ ይህም ተጻፈ። አዲሱ አንቀጽ እንዲህ የሚል ሐሳብ ነበረው፦ አንድ ፓርቲ ከግማሽ የበለጠ የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ አግኝቶ በወንበር ካነሰ፣ ከተቃዋሚው በአንድ ወንበር እስኪበልጥ ድረስ ካልተመረጡት እጩዎቹ መካከል ተጨማሪ አባላት ይሰጡታል። በአንድ ወንበር ብቻ፤ ከዚያ በላይ አይደለም።

በዚያው ዓመት በሜይ የተደረገው ምርጫ አንቀጹን ፈተነው። ናሽናሊስት 119,721፣ ሌበር 114,936 ድምፅ አገኙ። ወንበሩ እንደገና 31 ለ34 ሆኖ ተገለበጠ። አራት አባላት ተጨመሩና ናሽናሊስት ፓርቲ 35 ለ34 በሆነ ብልጫ ሥልጣን ያዘ። በኤዲ ፌኔክ አዳሚ የተመራው ይህ መንግሥት አምስቱን ዓመት ሳይወድቅ ጨረሰ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ1996 ወደ አዳራሹ የገቡት

ኦክቶበር 26 ቀን 1996 በተደረገው ምርጫ ዕጣው ለሌበር ደረሰው። 132,497 ሰዎች ለሌበር፣ 124,864 ሰዎች ለናሽናሊስት ድምፅ ሰጡ። ወንበሩ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ተገላብጦ ሌበር 31፣ ናሽናሊስት 34 ሆኑ። በ1981 የሌበር ድል ምክንያት የተወለደው የሕግ ማሻሻያ በ1996 ራሱን ሌበርን ለሥልጣን አበቃው። አራት ተጨማሪ አባላት ገቡ፤ 35 ለ34 ሆነ። የ7,633 መራጮች ብልጫ ተጨምቆ ተጨምቆ አንዲት ወንበር ሆነ ማለት ነው።

ስምንተኛው ፓርላማ እየተባለ የሚጠራው ይህ ጉባዔ የተቀመጠው በዋና ከተማዋ በቫሌታ፣ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች አለቃ ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ፣ ቀድሞ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት በነበረው አዳራሽ ነው። በዚያ አዳራሽ የተሰበሰቡትን ሰዎች ዛሬ መለስ ብሎ ለሚያይ ሰው ያለፈው፣ የዚያን ጊዜውና የሚመጣው የማልታ ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ይመስላል። በመንግሥት ወገን አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር አልፍሬድ ሳንት ነበሩ። ውጭ ጉዳዩን የያዙት ምክትላቸው ሐኪሙ ጆርጅ ቬላ ከ2019 እስከ 2024 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በተቃዋሚው ወገን ከ1987 ጀምሮ የገዙትና በኋላ ከ2004 እስከ 2009 ፕሬዚዳንት የሆኑት ፌኔክ አዳሚ ነበሩ። በ1990 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ ፕሬዚዳንት የነበሩትና በ1999 የማልታ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጊዶ ደ ማርኮም አሉ። ለስምንት ዓመታት አፈ ጉባዔ ሆነው ቆይተው በዚያ ምርጫ ተራ አባል በመሆን የገቡት ሎውሬንስ ጎንዚ በ2004 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ማልታ ወደ አውሮፓ ኅብረት ከገባች በኋላ በተከታታይ በኮሚሽነርነት የላከቻቸው የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች፣ ጆ ቦርግ፣ ጆን ዳሊ፣ ቶኒዮ ቦርግና ካርሜኑ ቬላ፣ በዚሁ አዳራሽ ተቀምጠው ነበር።

የአፈ ጉባዔዋ አመራረጥ ራሱ የስሌቱን ጠባብነት ያሳያል። ሳንት ከ35 ሰዎቻቸው አንዱን በአፈ ጉባዔው ወንበር ቢያስቀምጡ ብልጫቸው በዚያው ይጠፋ ነበር። የማልታ ሕገ መንግሥት አፈ ጉባዔ ከፓርላማው ውጭ እንዲመረጥ ይፈቅዳልና ማርያም የሚል ስም ያላቸው የሕግ ባለሙያ፣ ሚርያም ስፒተሪ ዴቦኖ፣ ከውጭ ተመረጡ። በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2024፣ የማልታ ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጽመዋል።

በሌበር ወገን ከሚኒስትሮቹ ውጭ ከተቀመጡት አባላት አንዱ ደግሞ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ነበሩ። ስማቸው ዶም ሚንቶፍ ነው።

አዛውንቱና ዶክተሩ

ሚንቶፍ በኦገስት 1916 ከታላቁ ወደብ ዳርቻ በምትገኘው ቦርምላ ተወለዱ። አባታቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበሩ። ልጁ ግን በትምህርቱ ገፍቶ የሕንፃ ባለሙያና መሐንዲስ ሆነ፤ የሮድስን የትምህርት ዕድል አግኝቶም ኦክስፎርድ ገባ። በ1949 ሚንቶፍ የፓርቲያቸውን መሪ የጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ቦፋን ሥልጣን ተገዳድረው ፓርቲውን ከሁለት ከፈሉት፤ ሌበርንም እንደገና አቋቁመው መሪው ሆኑ። በ1955 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ማልታን ከብሪታንያ ጋር ለማዋሐድ ሞከሩ። አልሆን ሲል በ1958 ሥልጣናቸውን ለቅቀው ወጡና የነፃነት ታጋይ ሆኑ። በ1971 ተመልሰው ሲመጡ የእንግሊዝ ጦር የኪራይ ገንዘብ እንዲጨምር አለበለዚያ እንዲወጣ ጠየቁ። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ በ1972 በዓመት 14 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፈል ስምምነት ተፈረመ። ማርች 31 ቀን 1979 የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር ከደሴቲቱ ወጣ። ለሠራተኛው የጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና መብት በማስፋፋታቸው በወደቡ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ፎቶግራፋቸው ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ የሚሰቀል ሰው ሆኑ። ጠላቶቻቸው ደግሞ አምባገነን፣ ሁከት ፈጣሪዎችን በቸልታ የሚያይ ይሏቸዋል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ሚንቶፍ በሕይወታቸው ያሸነፉት ሁሉ ጠረጴዛውን ትተው ለመነሣት ዝግጁ በመሆናቸው ነው። ከቦፋ ጋር፣ ከለንደን ጋር፣ በሄልሲንኪው የአውሮፓ ፀጥታ ጉባዔ ዝግጅትም የሜዲትራኒያን ጉዳይ ካልገባ አልፈርምም ብለው ታላላቆቹን መንግሥታት ሲያስጠብቁ፣ ስልታቸው ያው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ወንበር ብልጫ በሚኖር መንግሥት ውስጥ ማስቀመጥ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያስቸግርም ነበር።

አልፍሬድ ሳንት በ1948 የተወለዱ ናቸው። ሚንቶፍ ቦፋን በጣሉበት ጊዜ ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ነበሩ። ፊዚክስ አጥንተዋል፤ በብራስልስ ዲፕሎማት ሆነው ሠርተዋል፤ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ አስተዳደር የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተዋል፤ ልብ ወለድና ተውኔት የሚጽፉ የሥነ ጽሑፍ ሰውም ናቸው። በ1992 የፓርቲውን መሪነት ሲይዙ ሥራቸው ያደረጉት ሌበርን ከ1980ዎቹ ዝና ማላቀቅ ነበር። በ1996 ያሸነፉትም በ1995 የተጀመረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አነሣለሁ፣ የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ማመልከቻንም አቆያለሁ በማለት ነው። ሁለቱንም ፈጸሙ። ታክሱ በ1997 ተነሥቶ ሌላ ዓይነት ታክስ ተተካበት። የታክሱ መተካት ካልተስማማቸው ሰዎች አንዱ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሊኖ ስፒተሪ ነበሩ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በፓርላማው ግን ቀሩ።

የመንግሥት ካዝና የበጀት ጉድለት ስለነበረበት ሳንት ወጪ መቀነስና ገቢ መጨመር ነበረባቸው። በኖቬምበር 1997 የቀረበው በጀት የውኃና የመብራት ዋጋን ከፍ አደረገ። ይህ በተለይ በድሃው ላይ የሚወድቅ ሸክም ነው ሲሉ ሚንቶፍ በፓርላማ ተነሥተው ተናገሩ። ሥራዬን አፈረሱት ባይ ናቸው። ለወራት ሚንቶፍ ምን ይሉ ይሆን የሚለው ጥያቄ የአገሪቱ ዋና ጥያቄ ሆነ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የአንድ አዛውንት ምሬት ተብሎ ይታለፍ የነበረው ንግግር አሁን የመንግሥት ሕይወት ሆነ። የ34ቱ ታማኞች ድምፅ የታወቀ ስለሆነ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ሁሉም የሚያዳምጠው ያልታወቀውን አንዱን ነበር።

የወደቡ ዳር መሬት

ነገሩ የፈነዳው በመሬት ነው። ከታላቁ ወደብ ዳርቻ ቢርጉ፣ ቦርምላና ኢስላ የተባሉ ሦስት ጥንታውያን ከተሞች አሉ። በአንድነት ኮቶኔራ ይባላሉ፤ ስሙ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ግንቡን ካሠራው የፈረሰኞቹ አለቃ የመጣ ነው። የእንግሊዝ መርከቦች ከሄዱ በኋላ አካባቢው ደህይቶ ነበር። የሳንት መንግሥት በቢርጉ የባሕር ዳርቻ ያለውን የመንግሥት መሬት ለግል ባለሀብቶች በረጅም ኪራይ ሰጥቶ የመዝናኛ ጀልባ ማቆሚያና የቱሪስት ሥፍራ ሊያሠራበት አሰበ። ለሳንት ይህ ሥራ የሚፈጥር ልማት ነበር። ለሚንቶፍ ደግሞ የተወለዱበት ደጅ፣ የመረጣቸው ሕዝብ ሀብት ለግል ባለገንዘብ የሚሰጥበት ውል ነበር። ከእንግሊዝ ያስለቀቅነውን የባሕር ዳር ለነጋዴ እንዴት እንሰጣለን የሚል ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሳንት ሁለት መንገድ ነበራቸው። የኪራይ ውል በጀት አይደለም። ቢወድቅም መንግሥት አብሮ መውደቅ የለበትም፤ ውሉን ማሻሻል፣ ማዘግየት ወይም መተው ይቻል ነበር። ሳንት ግን ሁለተኛውን መረጡ። ለአንድ ሰው በየቀኑ እየለመንኩ አገር አላስተዳድርም አቋማቸው ሆነ። በፓርቲው ስብሰባ አደባባይ ላይ የፓርቲው አባት የነበሩት ሰው «ከሐዲ» ተብለው ተወገዙ፤ ውሉም የመንግሥት የመተማመኛ ድምፅ ጉዳይ ሆኖ ቀረበ።

ድምፅ የተሰጠው ጁላይ 7 ቀን 1998 ነው። ሠላሳ አራት የሌበር አባላት ደገፉ። ሠላሳ አራት የናሽናሊስት አባላት ተቃወሙ። ሚንቶፍ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ድምፅ ሰጡ። 35 ለ34 ሆነና መንግሥት ወደቀ። ሌበርን በ1949 ያቋቋሙት እጆች በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዋዜማ የሌበርን መንግሥት ጣሉ።

ፓርላማው ተበትኖ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1998 ምርጫ ተደረገ። ናሽናሊስት 137,037፣ ሌበር 124,220 ድምፅ አገኙ፤ ወንበሩም 35 ለ30 ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሌበር ስምንት ሺህ ያህል ድምፅ አጣ። ሚንቶፍ በዚያ ምርጫ አልተወዳደሩም። ፌኔክ አዳሚ ተመለሱ፤ የአውሮፓ ኅብረት ማመልከቻ ወዲያው ከተቀመጠበት ወጣ፤ ተጨማሪ እሴት ታክስም ከጃንዋሪ 1999 ጀምሮ እንደገና ሥራ ላይ ዋለ። በማርች 2003 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 53.65 የሚሆነው መራጭ አባልነቱን ደገፈ፤ ሜይ 1 ቀን 2004 ማልታ ኅብረቱን ተቀላቀለች። የአውሮፓን ጥምረት በጥርጣሬ ሲያዩ የኖሩት ሚንቶፍ በአንድ የጀልባ ማቆሚያ ውል ምክንያት በጣሉት ድምፅ ማልታ ወደዚያው የምትገባበትን በር ከፈቱ ማለት ነው። የቢርጉም ዳርቻ ቢሆን አልቀረም፤ በተተኪው መንግሥት ዘመን ለምቶ ዛሬ የመዝናኛ ጀልባዎች ተሰልፈው የሚቆሙበት ሥፍራ ነው።

የማን እንደራሴ?

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያተኩሩት በቁጥሩ ላይ ነው፤ አንድ ወንበር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እያነሡ ይደነቃሉ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ነገሩን አያስረዳም። በ1987 የነበረው ቁጥር ያው 35 ለ34 ነበር፤ መንግሥቱም አምስት ዓመት ቆመ። ልዩነቱ ከሰዎቹ ነው። የ1987ቱ ናሽናሊስቶች አሥራ ስድስት ዓመት በተቃዋሚነት አብረው የተንገላቱ፣ ከመሪያቸው የሚበልጥ ታሪክ ያለው ሰው በመካከላቸው ያልነበረ ነበሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ሸክሙን ተካፍለውታል። በ1996ቱ ሌበር ውስጥ ግን ፓርቲውን ከመሪው በፊት የሚያውቁ፣ መሪውንም እንደ ቤቱ እንግዳ የሚያዩ አዛውንት ተቀምጠው ነበር። ቁጥሩ መንግሥቱን አልጣለውም፤ ቁጥሩ ያደረገው በሁለት ሰዎች መካከል የነበረውን ቅራኔ የአገር ጉዳይ ማድረግ ነው።

ይኸው ትምህርት ከአሥር ዓመት በኋላ ለናሽናሊስትም ደረሰው። በ2008 ጎንዚ በ1,580 ድምፅ ልዩነት አሸንፈው በ35 ለ34 ብልጫ ገዙ። በዲሴምበር 2012 ፍራንኮ ዴቦኖ የተባሉ የራሳቸው ፓርቲ አባል በጀቱን በመቃወም ድምፅ ሰጡና መንግሥቱ ወደቀ። በማርች 2013 ሌበር በሰፊ ብልጫ ተመለሰ። በ1998 በተቃዋሚው ወገን ተቀምጠው የሳንትን መውደቅ ያዩት ጎንዚ ተራቸው ደረሰ።

እኛ በአማርኛ የፓርላማ አባልን «የሕዝብ እንደራሴ» ማለትን ለምደናል። ቃሉ «እንደ ራሴ» ከማለት የመጣ ነው። ሰው በማይገኝበት ቦታ እንደ ራሱ ሆኖ የሚቆምለት ማለት ነው። ጥያቄው ሚንቶፍ በዚያች ቀን የማን እንደራሴ ነበሩ የሚለው ነው። ሳንት ቢጠየቁ በፓርቲው ስም ተመርጦ የገባ ሰው የፓርቲው እንደራሴ ነው፤ 132,497 ሰዎች የመረጡት የሌበርን መንግሥት እንጂ የአንድ ሰውን ፈቃድ አይደለም ይሉ ነበር። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። በተለይም አራቱ ተጨማሪ አባላት የገቡት በፓርቲው ጠቅላላ ድምፅ እንጂ በክልላቸው ባገኙት ድል አለመሆኑ ሲታሰብ፣ የዚያ ፓርላማ ብልጫ በሙሉ የፓርቲ ብልጫ ነበር ማለት ይቻላል። ሚንቶፍ ግን የገቡት በመንደራቸው ሰው ድምፅ ነው። የቦርምላ ሰው በወረቀቱ ላይ ከስማቸው ጎን «1» ብሎ ሲጽፍ ወደቡን ይጠብቅልናል ብሎ ነው ይላሉ። ይህም ቀላል ክርክር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ሁለቱንም ያስተናግዳል። የፓርቲን ድምፅ ይቆጥራል፤ በአዳራሹ ውስጥ ግን የሚነሣው የሰው እጅ ነው።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም ሰዎች የሚጠየቁበት አለ። ሚንቶፍ ቃል የገቡለትን ሠራተኛ ለመጠበቅ ሲሉ የሠራተኛውን መንግሥት አስረከቡ፤ የባሕሩንም ዳርቻ አላዳኑም። ሳንት ደግሞ ሊዘገይ የሚችልን የአንድ አካባቢ ውል ከመንግሥት ዕድሜ ጋር አስተሳስረው፣ መሸነፍን የማያውቁ ሰው ባሉበት ጥግ ቆመው ተወራረዱ። አንድ ብቻ ያለው ሰው ያችን አንድ በቁማር ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም።

ከሁለቱ ሰዎች በላይ መታየት ያለበት ግን የሆነው ነገር ሁሉ የሆነበት መንገድ ነው። በ1981 የድምፅና የወንበር አለመመጣጠን በዚያች ደሴት ላይ ደም አፍስሷል። በ1998 ከዚያ የሚከብድ ነገር፣ የመንግሥት መውደቅ፣ ደረሰ። ጥያቄው በሁለት ወር ውስጥ ወደ ሕዝብ ተመለሰ፤ ሕዝቡም ድምፁን ሰጠ። የተሸነፉት ሳንት ቢሯቸውን አስረክበው በተቃዋሚ ወንበር ተቀመጡ፤ ፓርቲያቸውንም እስከ 2008 መሩ። ሚንቶፍ በኦገስት 2012 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። በ1987 ሁለት የተጣሉ ወገኖች ተቀምጠው የጻፉት አንድ አንቀጽ መንግሥታቱን ከመውደቅ ሊያድናቸው አልቻለም፤ ለዚያም አልተጻፈም። የተጻፈው የወደቀው መንግሥት በማን ላይ እንደወደቀ ሁሉም እንዲያውቅ፣ የሚተካውም በብዙኃኑ ድምፅ እንዲተካ ነበር። ይህን በሚገባ ፈጽሟል።